ጎጀብን የተሻገሩ ስሞች

ከጅማ ተነስቶ በሸቤ በኩል ቁልቁል የወረደ መንገደኛ የጎጀብን ድልድይ ሲያልፍ ከፋ ገባ ይባላል። መንገዱ ጊምቦን ይዞ፣ ቦንጋን ነክቶ፣ የውሽውሽን የሻይ ማሳ ግራና ቀኝ እያሳየ ሺሺንዳ ያደርሳል፤ ከሺሺንዳ ወዲያ ዋቻ፣ ከዋቻ ወዲያ ሚዛን ነው። ዛሬ ቡና፣ ማርና ኮረሪማ የጫነ መኪና ይመላለስበታል። ይህ አገር ግን ለአምስት መቶ ዓመታት ያህል የራሱ ንጉሥ፣ የራሱ ሸንጎ፣ የራሱ በር ጠባቂ የነበረው መንግሥት ነው። ታሪኩን በሰዎቹ በኩል መተረክ እወዳለሁ፤ በነገሡት፣ በተዋጉት፣ መጥተው በጻፉት፣ ደግሞም አገሩን ጠብቀው ስማቸውን ማንም ባልመዘገበላቸው።

የከፋ ነገሥታት ታሪክ የሚጀምረው ከመረሳት ነው። ከሁሉ በፊት ማቶ የሚባል ሥርወ መንግሥት እንደነበረ፣ ከእርሱም 32 ነገሥታት እንደነገሡ አፈ ታሪኩ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በከፋ ጥናት ያካሄደው የአንትሮፖሎጂ ተመራማሪ አምኖን ኦሬንት ስለ እነዚህ ነገሥታት ሲጠይቅ፣ የአንዳቸውን እንኳ ስም የሚያስታውስ እንደሌለ ነገሩት። ቁጥሩ ቀርቷል፤ ስሙ ሄዷል። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም። ቁጥርን ይህን ያህል ዘመን ጠብቆ የሚያስተላልፍ ሕዝብ ስምም መጠበቅ አያቅተውም ነበር። አዲሱ ገዥ የአሮጌውን ስም መጥራት ነውር አድርጎት ይሆናል ብዬ እገምታለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1390 ገደማ ማቶዎችን ከአልጋ ያወረደው ሚንጆ ነው። ስሙ በኋላ የነገሥታቱ ጎሳ መጠሪያ ሆነ፤ ከእርሱ የወረዱት ነገሥታት ሁሉ «ታቶ» ተብለው ገዙ። ታቶ ክቡርና ከሰው ዓይን የራቀ ነበር። ብቻውን ግን አይገዛም። ሚክሬቾ የሚባል ሰባት አማካሪዎች የሚቀመጡበት ሸንጎ ነበረው፤ አልጋው ባዶ በሆነ ጊዜ ከንጉሡ ልጆች ማን ይንገሥ የሚለውን ነገር የሚቆርጠው ይኸው ሸንጎ ነው። የከፋን መንግሥት ይህን ያህል ዘመን ያቆመው የአንድ ሰው ጉልበት ሳይሆን ይህ የሰባት ሰው ምክር ነው ብል የተጋነነ አይሆንም።

በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሁለት ነገር ተከታትሎ መጣ። በኦሮሞ መስፋፋት ዘመን ከጎጀብ በስተ ሰሜን ያለው ግዛት ከከፋ እጅ ወጣ፤ ወንዙም ድንበር ሆኖ ቀረ። ከዚያው ዘመን ሳይርቅ እ.ኤ.አ. ከ1563 እስከ 1597 የነገሡት አፄ ሠርፀ ድንግል የከፋን ንጉሥ አግባብተው ክርስትናን የመንግሥቱ ሃይማኖት አስደረጉ። ባሃ በተባለው ስፍራ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ተተከለ፤ በዚያ የተጠበቀው ታቦት የአፄ ሠርፀ ድንግልን ስም የያዘ ነው። ከዚህ በኋላ የሰሜኑ መንግሥት እጅ እያጠረ ሄደ። ክርስትናው ደበዘዘ፣ ቀጥሎም ሊጠፋ ምንም አልቀረው። ስፍራው ግን አልተተወም። ሕዝቡ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ የጊዮርጊስ ሥርዓት የሚፈጸምበት ቤት አድርጎ ሲያከብረው ኖረ። በከፋ ታሪክ ውስጥ ይህን ያህል ልቤን የሚነካው ነገር ጥቂት ነው። የእነዚያን የባሃ ሰዎች ስም ብናውቅ ከነገሥታቱ እኩል እናነሳቸው ነበር።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ደግሞ ስደተኞች ጎጀብን ተሻገሩ። ለሰሎሞናውያን ነገሥታት ወርቅ በመገበር ስሙ የታወቀው የእናርያ መንግሥት ሲወድቅ፣ ከመሳፍንቱ የተረፉት ወደ ደቡብ ሸሽተው ከፋ ገቡ። የቋንቋ ዘመዶች ነበሩ፤ ሁለቱም ከጎንጋ ወገን ናቸው። ከፋም አስጠጋቻቸው።

ከዚያ ወዲህ መንግሥቱ የሰፋበት ዘመን መጣ። እ.ኤ.አ. ከ1775 እስከ 1795 የገዛው ታቶ ሻጊ ሼሮቾ ግዛቱን እስከ ኦሞ ወንዝ አደረሰው። ከ1798 እስከ 1821 የነገሠው ሆቲ ጋዮቾም የኃያልነት ስም ትቷል። የእነዚህን ነገሥታት ጦርነት አንድ በአንድ መቁጠር አያስፈልግም፤ ይልቅ አገሩን የጠበቁት እንዴት እንደሆነ ማየት ይበልጣል።

ከፋ በተፈጥሮም የታጠረ ነበር፤ ጎጀብና ኦሞ በሁለት ወገን ይከቡታል፣ ጫካው ከሩቅ የሚመጣን ጦር አያራምድም። በዚያ ላይ ሰው የሚገባባቸው ቦታዎች በጥልቅ ጉድብና በእንጨት አጥር ተዘግተው ነበር። መግቢያው ኬላው ብቻ ነው። እንግዳ ሲመጣ ኬላው ላይ ይቆማል፤ መልእክቱ ለንጉሡ ይደርሳል፤ ፈቃድ ሲመጣ ይገባል፤ ካልመጣ ይመለሳል። በእነዚህ ኬላዎች ላይ ቀንና ሌሊት የቆሙት ማንጆዎች ነበሩ።

ማንጆዎች አዳኞችና የጫካ ሰዎች ናቸው፤ የሚናገሩት ያንኑ የከፋን ቋንቋ፣ ካፊ ኖኖን ነው። ሆኖም ሌላው ከፋ ከእነርሱ ጋር በአንድ ገበታ አይበላም፣ ቤቱ አያስገባቸውም፣ አይጋባቸውም ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ የአገሩን በር የሚጠብቅ ሰው የጎረቤቱን በር አያልፍም። መንግሥቱ ሕይወቱን በእጃቸው ላይ አኑሮ ክብሩን ነፈጋቸው። የከፋ ታላላቅ ሰዎች ስም ሲዘረዘር የአንድ ማንጆ ስም እንኳ አለመኖሩ እንደ ማቶዎቹ ሁሉ ከጥንትነት የመጣ አይደለም፤ ከመገለላቸው የመጣ ነው። ማንጆዎች ዛሬም በከፋ ዞን ወረዳዎች ውስጥ አሉ፤ መገለሉም ከሥሩ አልተነቀለም። ይህን ሳይናገሩ የከፋን ጀግንነት ማውራት ግማሹን እውነት መደበቅ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1843 ኬላው ለአንድ አውሮፓዊ ተከፈተ። አንቷን ዳባዲ ይባላል፤ በደብሊን የተወለደ ፈረንሳዊ፣ ምድር ለኪና ቋንቋ አጥኚ ነው። ለመግባት የበቃው በራሱ ጥበብ አልነበረም። በዚያን ጊዜ በወደቀው እናርያ ምድር የተተካውን የሊሙ እናርያን መንግሥት የሚገዛው አባ ባጊቦ የከፋን ንጉሥ እህት ሊያገባ ሙሽራዋን የሚያመጡ ሚዜዎችና አጃቢዎች ይልክ ነበር፤ ዳባዲ ከእነርሱ ጋር ተደባልቆ ጎጀብን ተሻገረ። በከፋ የቆየው ቀናት ብቻ ነው። በእነዚያ ቀናት ግን ከተማውን፣ ገበያውን፣ ሥርዓቱን አየ፣ ጻፈም።

ስለዚህ ጉዞ የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ተጓዡ ነው። ለእኔ ዋናዋ ሰው ሙሽራዪቱ ነች። ሁለት መንግሥታት በእርሷ በኩል ታረቁ፤ የቡናው፣ የዝባዱና የዝሆን ጥርሱ ንግድ በእርሷ በኩል መንገድ አገኘ፤ ከፋም ለአውሮፓ ጽሑፍ የተገለጠችው በእርሷ ሰርግ ምክንያት ነው። የንጉሥ እህት፣ የንጉሥ ሚስት ተብላ ብቻ ትጠቀሳለች። ሰርጓን ያየው እንግዳ ግን በዓለም ጂኦግራፊ መጻሕፍት ውስጥ ስሙ ደምቆ ተጽፎለታል።

ከዳባዲ በኋላ የመጡት ሚሲዮናውያን ናቸው። የካፑቺን ማኅበር አባል የነበሩት ጣሊያናዊው ጳጳስ ጉልየልሞ ማሳያ እ.ኤ.አ. በ1859 ከፋ ገብተው እስከ 1861 ተቀመጡ። ደብዝዞ የቆየውን ክርስትና በካቶሊክ መንገድ ሊያነሱ ሞከሩ፤ ሕዝቡም ሰማቸው። ይህ ራሱ ቤተ መንግሥቱን አሳሰበ፤ በ1861 ከአገር አስወጧቸው። ማሳያ በኋላ ካርዲናል ሆኑ፤ በኢትዮጵያ ያሳለፏቸውን 35 ዓመታት በ12 ቅጽ ጽፈው በዚያ ውስጥ ለከፋ ሰፊ ቦታ ሰጡ። የእርሳቸው ጽሑፍ ሚዛን ይፈልጋል፤ የራሳቸውን እምነት ብቻ ብርሃን አድርገው የሚያዩ ሰው ነበሩ። ቢሆንም ያንን ዘመን በዓይን ካዩት ውስጥ እንደ እርሳቸው በዝርዝር የጻፈ የለም።

በ1870ዎቹ ዓ.ም. ከፋ የሌሎች ነገሥታት የፉክክር ጉዳይ ሆነች። አፄ ዮሐንስ አራተኛ ራስ አዳልን ተክለ ሃይማኖት ብለው ሲያነግሡ የሰጧቸው ማዕረግ «ንጉሠ ጎጃም ወከፋ» የሚል ነው። ከፋ ሳይጠየቅ ስሙ በሌላ ንጉሥ ዘውድ ላይ ተጻፈ። ደቡብ ምዕራቡን ሸዋም ይፈልገው ነበርና በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ ተዋጉ፤ ንጉሥ ምኒልክ አሸነፉ፣ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተማረኩ። ከዚያች ቀን ጀምሮ የከፋ ዕጣ ከሸዋ ጋር ሆነ።

በዚያን ጊዜ የከፋ ንጉሥ ጋሊ ሼሮቾ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1890 ሲያርፍ ጋኪ ሼሮቾ ነገሠ፤ ቺኒቶ በሚባለው ስሙም ይታወቃል። የመጨረሻው ታቶ እርሱ ነው።

ጋኪ የተቀበለው አልጋ በሦስት ወገን የተከበበ ነበር። ጎረቤቱ የጅማው አባ ጅፋር ሁለተኛ ለምኒልክ ገብሮ ግዛቱን ጠብቋል። ጋኪም ያንኑ ማድረግ ይችል እንደነበር የሚሉ አሉ። እኔ ግን በዘመኑ የነበረን ሰው በዛሬ ዓይን መምከር አልወድም። ጉድቡና ኬላው አምስት መቶ ዓመት የጠበቁት መንግሥት ወራሽ ነው፤ አልገብርም ቢል አይፈረድበትም።

የዓድዋ ድል በሆነ በዓመቱ፣ በ1889 ዓ.ም.፣ ዘመቻው ተነሣ። መሪው የአፄ ምኒልክ ዘመድ ራስ ወልደ ጊዮርጊስ አቦዬ ናቸው። ደጃዝማች ደምሰው ነሲቡና ደጃዝማች ተሰማ ናደው በሌላ በኩል ገቡ፤ የጅማው አባ ጅፋር ጦርም ተጨመረ። በማግሥቱ ዓመት አገሩን ያየው ሩሲያዊው መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች፣ የዘመተው ጦር በጠቅላላ 31,000 ያህል እንደነበርና ከዚያም ውስጥ 20,000 የሚሆነው ጠመንጃ እንደያዘ ጽፏል። ከፋዎች የነበራቸው በአብዛኛው ጦርና ጋሻ ነው። ወራሪን ዓድዋ ላይ የመለሰው ጠመንጃ በዓመቱ ጎጀብን ተሻገረ። ዓድዋ ኩራታችን ነው፤ ይህንንም አገላብጦ ማየት የዚያው ኩራት ግዴታ ነው።

ከፋዎች ሜዳ ላይ ተሰልፈው አልተዋጉም። ሕዝቡ ወደ ጫካ ገባ፤ ንጉሡም ከስፍራ ስፍራ እየተዘዋወረ ተሸሸገ። ዋና ከተማው አንደራቻ ተቃጠለ። ጦሩ አገሩን ይዞ ንጉሡን ማግኘት አልቻለም፤ ንጉሡ ካልተያዘ ደግሞ ከፋ አልተያዘችም። እንዲህ ሆኖ ስምንት ወር ገደማ አለፈ። በእነዚያ ወራት ጋኪን ያበሉት፣ ያሳደሩት፣ ከአንድ ጫካ ወደ ሌላው ያሻገሩት ሰዎች ምን ያህል እንደነበሩ ማንም አልቆጠረም። አሳልፎ የሚሰጥ አንድ ሰው ቢገኝ ኖሮ ነገሩ በሳምንት ባለቀ ነበር።

እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 1897፣ በእኛ አቆጣጠር 1890 ዓ.ም. በገባ በቀናት ውስጥ፣ ጋኪ ሼሮቾ ተያዘ። በከፋ የሚነገረው ትውፊት ንጉሡ በብረት ሳይሆን በብር ሰንሰለት ታሰረ ይላል። ወደ ሸዋ ሲወሰድ ጎጀብ ላይ ሲደርስ የወርቅ ቀለበቱን አውልቆ ወንዙ ውስጥ ጣለው፤ ከእርሱ በኋላ የከፋ ንጉሥ እንደማይኖር ተናገረ ይባላል። ቀለበቱ በእርግጥ ተጥሎም ይሁን አይሁን፣ ይህን ታሪክ ለልጅ ልጅ ያስተላለፈው ሕዝብ ምን እንደተሰማው ግልጽ ነው። ጋኪ መጀመሪያ አንኮበር፣ ቀጥሎ አዲስ አበባ ተወሰደ፤ ከፋን ዳግመኛ አላያትም። በዚያው በ1897 መጋቢት ወር ያችን አገር ለአውሮፓ ያስተዋወቀው ዳባዲም በፈረንሳይ አረፈ።

ቡላቶቪች ከፋን ያለፈው እ.ኤ.አ. በ1898 መጀመሪያ፣ ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጋር ወደ ሩዶልፍ ሐይቅ ሲዘምት ነው። የራሱ ወዳጆች ስለሆኑት አሸናፊዎች የሚጽፍ መኮንን ነበር፤ ነገር ግን ያየውን አልሸሸገም። ወደ ከተማው በቀረበ ቁጥር የፈረሱ ቤቶች ዙሪያ የሰው አጥንት ተበትኖ እንዳየ ጽፏል። እርሻ የነበረው ዳዋ ለብሷል። ይህ ሰው በኋላ መንኩሶ አባ አንቶኒ ተባለ፤ በሩሲያ ቤተ ክርስቲያንም በእግዚአብሔር ስም ክብር ላይ በተነሣው ታላቅ ክርክር መሪ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1919 በሰው እጅ ሞተ።

ከጦርነቱ የከፋው ከጦርነቱ በኋላ የመጣው ነው። ከፋ ለራስ ወልደ ጊዮርጊስ ተሰጠ፤ በአንደራቻ ፍርስራሽ ላይም አዲስ ከተማ ቆረቆሩ። ራስ ወልደ ጊዮርጊስ በኋላ ጎንደር ሄደው ነገሡ፤ እ.ኤ.አ. በ1918 አረፉ። በከፋ ግን ባሪያ ፈንጋዩ መንደር እየፈታ ሰው ወሰደ። የከፋ መንግሥት ራሱም በዘመኑ ባሪያ ይነግድ ነበር፤ ይህ መካድ የለበትም። ከ1889 ዓ.ም. ወዲህ የሆነው ግን አገር የማራቆት ያህል ነው። የባሪያ ንግድና ባርነት በሕግ የተሻረው በመጨረሻ በ1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ሆነ። ዛሬ ጎብኚ ድንግል ደን እያለ ከሚያደንቀው ውስጥ ስንቱ ያኔ የሰው ቀዬ እንደነበር ማሰብ ያስፈልጋል።

በዚህ ሁሉ መካከል እ.ኤ.አ. በ1905 ከቪየና አንድ ሰው መጣ። ፍሪድሪክ ቢበር ይባላል። መስፍን አይደለም፣ መኮንን አይደለም፣ የዩኒቨርሲቲ መምህርም አይደለም፤ ተራ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ ስለ ከፋ ያነበበውን ይዞ፣ ገንዘብ አጠራቅሞና ደጋፊ ፈልጎ አንደራቻ ደረሰ። ጦርነቱ ካለፈ ገና ስምንት ዓመቱ ነው፤ በታቶ ቤት ያገለገሉ ሰዎች በሕይወት ነበሩ። ቢበር ተቀምጦ ጠየቃቸው። የነገሥታቱን ስም በተራ፣ የሸንጎውን ሥርዓት፣ የንግሡን ሥነ ሥርዓት፣ የጎሳዎቹን ስም፣ የቤቱን አሠራር፣ የእንሰቱን አዘገጃጀት ሁሉ መዘገበ። በ1909 እንደገና ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። ጽሑፉ በሁለት ቅጽ በ1920 እና በ1923 ታተመ፤ በ1924 ደግሞ ሞተ።

ዛሬ የታቶዎችን ስምና ዓመት የምንጠራው በአብዛኛው በእርሱ ምክንያት ነው። ማቶዎች ስማቸው ሲጠፋ የሚጽፍላቸው አልነበረም፤ ሚንጆዎች ሊጠፉ ሲሉ አንድ የቪየና ሰው ደረሰላቸው። እርግጥ ቢበርም የዘመኑ ሰው ነበር፤ ከፋን ከጥንታዊ የኩሽ ሥልጣኔ የተረፈ ምስጢራዊ መንግሥት አድርጎ ማየት ይወድ ነበር። ያም ሆኖ ለእርሱ ያለኝ አክብሮት ትልቅ ነው። ከእርሱ በላይ የማከብረው ግን የነገሩትን ሽማግሌዎች ነው። አገራቸው ፈርሶ፣ ንጉሣቸው ታስሮ፣ ልጆቻቸው ተሸጠው ሳለ የአምስት መቶ ዓመት ስም ተራውን ሳይስቱ የቆጠሩት እነርሱ ናቸው።

ጋኪ ሼሮቾ እ.ኤ.አ. በ1919 በግዞት እንዳለ አረፈ፤ በተማረከ በ22ኛው ዓመት ማለት ነው። የከፋ ዘውድ ምኒልክ እጅ ገብቶ ነበር። እርሳቸውም ለአማካሪያቸው ለስዊሳዊው አልፍሬድ ኢልግ ሰጡት፤ ኢልግ ወደ ዙሪክ ወሰደው። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ አስተዳደሩ እንደገና ሲደራጅ «ከፋ» የአንድ ትልቅ ጠቅላይ ግዛት ስም ሆነ። ዋና ከተማው ግን ጅማ ነበር። ቦንጋ የአውራጃ ከተማ ሆና ቀረች። የከፋ ሰው ስሙ በሰፊ ካርታ ላይ ሲጻፍ ራሱ ከካርታው ጥግ ላይ ነበር።

ስለ ከፋ መጻፉም ለረጅም ጊዜ የሌሎች ሥራ ሆኖ ቆየ። ኦስትሪያዊው ሊዮ ራይኒሽ እ.ኤ.አ. በ1888 የከፋን ቋንቋ ሰዋስው አሳተመ። ጣሊያናዊው ኤንሪኮ ቼሩሊ በ1951 ስለዚያው ቋንቋ ሌላ መጽሐፍ አወጣ። ከዚያ ኦሬንት፣ ከእርሱ ቀጥሎም በ1982 የደቡብ ጎንጋን ታሪክ ያሳተመው ቨርነር ላንገ መጡ። ሁሉም የጻፉት በባዕድ ቋንቋ ነው፤ የከፋ ገበሬ ልጅ የአያቱን ታሪክ ለማንበብ ጀርመንኛ ያስፈልገው ነበር።

የቡናውም ነገር እንዲሁ ነው። ካርል ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ዛፉን የዓረብ ቡና ብሎ ሰየመው፤ የትውልድ ቦታው ግን ይህ የደቡብ ምዕራብ ደን ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 እና 65 በፍሬድሪክ ማየር የተመራ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ቡድን መጥቶ ከኢትዮጵያ ደኖች የቡና ዘር ሰበሰበ፤ ያ ዘር በሌሎች አገሮች የምርምር ማሳዎች ላይ ተተከለ። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ገብቶ ማሳ ሲያወድም፣ በሽታውን የሚችሉ ዛፎች የተገኙት ከእነዚሁ የደቡብ ምዕራብ ደኖች ነው፤ የጅማ ምርምር ማዕከልም አባዝቶ ለገበሬው አከፋፈለ። በከፋው ዴቻ ወረዳ ማንኪራ የቡና መገኛ ተብላ ትከበራለች። እኔ ከእረኛው ካልዲ ተረት ይልቅ ዛፉን ሳይቆርጡ ከጥላው ሥር ቡናውን ለቅመው፣ ከላይ ቀፎ ሰቅለው፣ ከታች ኮረሪማ አብቅለው ያቆዩትን ሰዎች አስቀድማለሁ። ደኑ የቆየው ስለረሱት አይደለም፤ ስላወቁበት ነው።

በመጨረሻ የከፋን ታሪክ በአገሩ ሰው እጅ የጻፈ ተገኘ። በቀለ ወልደማርያም የአባቶችን ቃልና የተጻፈውን አገናኝተው የከፋን ሕዝብና መንግሥታት ታሪክ በአማርኛ አዘጋጁ፤ መጽሐፉ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ2010 ታተመ። ከ1390 እስከ 1935 ያለውን ዘመን ይሸፍናል። ቢበር የሰበሰበውን እርሳቸው ወደ ቤቱ መለሱት። በከፋ ታላላቅ ሰዎች መካከል ከነገሥታቱ ቀጥሎ ማንን ታነሣለህ ብባል ያለማመንታት በቀለ ወልደማርያምን እላለሁ።

2002 ዓ.ም. ለከፋ የተለየ ዓመት ሆነ። በግንቦቱ ምርጫ ከ547 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች 545ቱን ገዥው ኢሕአዴግና አጋሮቹ ሲወስዱ፣ አንዱ ለተቃዋሚው መድረክ፣ አንዱ ደግሞ ለግል ተወዳዳሪ ሆነ። ያ የግል ተወዳዳሪ በቦንጋ የተመረጡት ዶክተር አሸብር ወልደጊዮርጊስ ናቸው፤ ቀደም ሲል የእግር ኳስ ፌዴሬሽንን የመሩ፣ በኋላም የኢትዮጵያ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ፕሬዚዳንት የሆኑ ሐኪም። ስለ እርሳቸው የፌዴሬሽን ዘመን የተለያየ አስተያየት አለ። የዚያ ዓመት ድምፅ ግን የመራጩ ነው፤ አገር ሁሉ በአንድ ወገን ሲሰለፍ ቦንጋ የራሷን ሰው ላከች። በዚሁ ዓመት ዩኔስኮ 760,144 ሄክታር የሚሆነውን የከፋ ምድር በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዘገበ።

በ2008 ዓ.ም. የቦንጋ ዩኒቨርሲቲ ተቋቋመ። መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ከፋ፣ ሸካ፣ ቤንች ሸኮ፣ ዳውሮ፣ ምዕራብ ኦሞና ኮንታ ሕዝበ ውሳኔ ሰጡ፤ ኅዳር 14 ቀን የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተመሠረተ፤ ቦንጋም የክልሉ አስተዳደር መቀመጫ ሆነች። ሺሺንዳ ዛሬ የሺሾ እንዴ ወረዳ ከተማ ነች። ካፊ ኖኖ በትምህርት ቤት ይሰጣል፤ ልጆቹ ጋኪ ሼሮቾን በቋንቋቸው ያነባሉ። የማንጆ ልጆችም በዚያው ክፍል ይቀመጣሉ፤ የእነርሱ አያቶች የቆሙባቸውን ኬላዎች፣ የቤተሰቦቻቸውንም ስም የመመዝገቡ ሥራ ግን ገና አልተሠራም። ቢበር እንደጠየቃቸው ያሉ ሽማግሌዎች ዛሬም በከፋ መንደሮች አሉና ጠያቂ ይፈልጋሉ።